‹‹መሙያ›› ወይስ ‹‹መድፈኛ››? በእንጨት ጥገና ቃላት አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሙያ ቃላት አሰያየም በተነጋገርን ቁጥር ምሳሌ አድርገን የምንጠቅሳቸው አብዛኛውን ጊዜ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሕክምና ቃላት ናቸው። የአናጢው፣ የለሳኙና የቀለም ቀቢው ቃላት በየቀኑ በሥራ ላይ ስለሚውሉ ጥናት የሚያሻቸው አይመስለንም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከእነዚሁ ከተናቁት ወገን የሆነ አንድ ጠባብ መስክ ነው፤ ይኸውም ተሠርቶ፣ ተለስልሶና ቫርኒሽ ተቀብቶ ለአገልግሎት በበቃ የእንጨት ዕቃ ላይ የምትገኝ ትንሽ ቀዳዳ በደማቅ ቀለም በተዘጋጀ ሰም ወይም ሊጥ መሰል ነገር ስትጠገን ስለ ሥራው የሚነገሩት ቃላት ወደ አማርኛ የሚመለሱበት መንገድ ነው። መስኩ ቢጠብም የትርጉም ሥራችንን ሕመሞች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይዟል።

መነሻ የሆነን ለእርማት የቀረበልን አንድ አጭር የሥራ መምሪያ ነው። መምሪያው ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ሲሆን የታሰበው በጎንደር ከተማ፣ እንዲሁም ከከተማው በስተሰሜን በዳባት፣ በደባርቅና በአካባቢያቸው ደጋ ለሚሠሩ ወጣት አናጢዎች ነው። የተርጓሚውን ስም ማንሣት አያስፈልግም፤ እንግሊዝኛውን በሚገባ ያውቃል፤ የዐረፍተ ነገሮቹም ሰዋስው የተስተካከለ ነው። ይሁን እንጂ መምሪያውን ቃል በቃል ተከትሎ የሚሠራ ሰው ዕቃውን ያበላሻል፤ በአንድ ቦታ ላይም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ የምንከራከረው ስለ ቃላት ውበት አይደለም።

በመጀመሪያው ገጽ የምናገኘው ‹‹ያለቀለት እንጨት›› የሚል ሐረግ ነው። ተርጓሚው ሊል የፈለገው ላዩ ለስልሶ ቫርኒሽ ወይም ሌላ ሽፋን የተቀባ እንጨት ነው። አማርኛ ሰሚ ግን ‹‹ያለቀለት›› ሲባል የሚሰማው ሌላ ነው፤ ያለቀለት በሽተኛ ተስፋ የተቆረጠበት ነው፤ ያለቀለት እንጨትም ለማገዶ እንኳ የማይበቃ ይመስላል። ‹‹ያለቀ›› ቢባል ደግሞ ከመጋዘን የጠፋ ይሆናል። በሌላ ገጽ የተሞከረው ‹‹የተጠናቀቀ እንጨት›› ከዚህ ቢሻልም ሥራ ይጠናቀቃል እንጂ እንጨት አይጠናቀቅም። የእንግሊዝኛው ቃል በዚህ ቦታ የሚናገረው ስለ ሥራው ፍጻሜ ሳይሆን ስለ እንጨቱ ገጽ ነውና ‹‹ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት›› ማለት ይበቃል። ሽፋኑ ቫርኒሽ ካልሆነም በስሙ ይጠራ።

ከዚህ የከበደው ‹‹መሙያ›› የሚለው ቃል ያመጣው ጣጣ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ስም የተሰጣቸው፣ በሥራ ግን ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት የሚገባ ነው፤ ሰጋቱራ ከኮላ ጋር፣ ወይም ጀሶ ከኮላ ጋር ተለውሶ፣ አለዚያም ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ የመጣ ስቱኮ በስፓቱላ ይደረግና ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ቫርኒሹ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው ቫርኒሹ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ የሚገባው ባለቀለም ሰም ነው፤ እንደ መጀመሪያው አይጠጥርም፤ በብርጭቆ ወረቀትም አይነካም፤ የተረፈው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ጠርዝ ተጠርጎ በጨርቅ ይወለወላል። ቅደም ተከተላቸው ከተገለበጠ ሥራው ይበላሻል። ቫርኒሽ ሰም ላይ አይዝም፤ ከሰሙ ዙሪያ ይሸሻል ወይም ውሎ አድሮ ይላጣል። የመጀመሪያውን ዐይነት በተቀባ ዕቃ ላይ ያደረገ ደግሞ ሲፈገፍገው በቀዳዳዋ ዙሪያ ያለውን ደኅና ቫርኒሽ ይገሸልጠዋል፤ የስንዴ ፍሬ የምታህለው ጉድለት መዳፍ ታክላለች። መምሪያው ሁለቱንም ‹‹መሙያ›› ይላቸዋል። እንግሊዝኛው አንባቢ ከአውዱ ይለያቸዋል፤ ሥራውን ገና የሚማረው የደባርቅ ወጣት በምን ይለያቸው?

ቃሉ በራሱም ቢሆን ለሥራው የሚመጥን አይደለም። ‹‹ሞላ›› የሆድ ዕቃ ላለው ነገር የሚነገር ግሥ ነው። ማድጋ ይሞላል፤ ጆንያ ይሞላል፤ የሞላውም ተመልሶ ይጎድላል። ዛሬም ‹‹መሙያ›› ሲባል በከተማ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የነዳጅ ወይም የባትሪ ነገር ነው። በእንጨት ገጽ ላይ ያለች የሚስማር ቀዳዳ ግን ዕቃ አይያዝባትም፤ የሚፈለገው እንዳልነበረች ማድረግ ነው።

ተርጓሚው ይህን ቃል የመረጠው ሌላ ስለጠፋ አይደለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን የጭቃ ቤቶች ያየ ሰው አማርኛ ክፍተትን በመዝጋት ረገድ ምን ያህል ሀብታም እንደሆነ ይረዳል። የባሕር ዛፉ አጣና ቆሞ ከተማገረ በኋላ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ግድግዳው ይመረጋል፤ ‹‹መረገ›› ወፍራሙንና የመጀመሪያውን ሥራ ይናገራል፤ ክፍተት ይዘጋል እንጂ ገጽ አያሳምርም። ቀጥሎ በደቀቀና በላመ ጭቃ ይለሰናል፤ ‹‹ለሰነ›› ገጽን ማስተካከል ነው፤ የሚዘጋው ክፍተት ቢኖርም ጥቂት ነው። ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፤ ‹‹ለቀለቀ›› ስሱን ሽፋን ይመለከታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ‹‹ቀባ›› ነው። በግድግዳው ላይ ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ ከተገኘ የቤቱ እመቤት በጨርቅ ወይም በጭድ ትወትፈዋለች፤ ‹‹ወተፈ›› ጊዜያዊ ነው፤ ውታፉ ሲፈለግ ይነቀላል። ለዘለቄታው ከሆነ ግን ትደፍነዋለች።

እንግዲህ የምንፈልገው ግሥ ይህ የመጨረሻው ነው። ‹‹ደፈነ›› ከሌሎቹ የሚለየው ውጤቱን በራሱ ዘር ስለሚሰጠን ነው። የተመረገው ምርጊት ይኖረዋል፤ የተወተፈው ውታፍ ይኖረዋል፤ በሁለቱም ባዕዱ ነገር ባዕድ እንደሆነ ይቀራል። የተደፈነው ግን ‹‹ድፍን›› ይሆናል። ድፍን ማለት ደግሞ ያልተከፈለ፣ ሙሉ ማለት ነው፤ ያልተከካ ምስር ድፍን ምስር ነው፤ ድፍን ጎንደር ወጣ ስንልም አንድ ሰው አልቀረም ማለታችን ነው። ቀዳዳው ጠፍቶ እንጨቱ እንደገና ሙሉ ሲሆን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ግሥ አላገኘንም። የመሣሪያ ስሙ ‹‹መድፈኛ›› ነው፤ ማንም ሳይነገረው ይገባዋል።

ስለ ቀዳዳውም አንድ ነገር እንበል። መምሪያው ‹‹በእንጨቱ ላይ ያሉ ትናንሽ ጉድጓዶች›› ይላል። ጉድጓድ መሬት ላይ ይቆፈራል፤ በጠረጴዛ ላይ ጉድጓድ የሚያይ አናጢ የለም። ‹‹ቀዳዳ›› እና ‹‹ሽንቁር›› በጥብቅ ትርጉማቸው ወዲያ ማዶ የሚያሳዩ ናቸውና ወዲያ ያልዘለቀችው የሚስማር ፈለግ ስም የላትም ብሎ የሚከራከር ይኖር ይሆናል። ሠራተኛው ግን ይህን ክርክር የሚፈታው መንሥኤውን በመጥራት ነው፤ የሚስማር ቀዳዳ፣ የነቀዝ ቀዳዳ፣ ስንጥቅ፣ ጭረት፣ ስርጉድ ይላል። መንሥኤው በስሙ መግባቱም ለሥራው ይጠቅማል። የነቀዝ ቀዳዳ ከመደፈኑ በፊት ትሉ መሞቱ መረጋገጥ አለበትና፤ ከቀዳዳው ትኩስ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ነቀዙ ገና በሥራ ላይ ነው፤ የደፈኑትን ትቶ በሌላ በኩል ይወጣል። ‹‹ትናንሽ ጉድጓዶች›› ይህን ሁሉ ይጨፈልቀዋል።

አሁን ወደ ውሰት ቃላት እንለፍ። ከላይ ሰጋቱራ፣ ኮላ፣ ጀሶ፣ ስቱኮ፣ ስፓቱላ ስንል የተቆጣ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሁሉም ኢጣሊያንኛ ናቸው። ጎንደር ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ ሠራዊት እጅ የቆየች፣ ወራሪው በመጨረሻ እጁን የሰጠባት ከተማ ናት፤ የዚያን ዘመን ሕንጻዎች ዛሬም በፒያሳዋ ይታያሉ። ከሲሚንቶው ጋር የሙያው ቃላትም በመላ አገሪቱ ቀርተዋል። መምሪያው እነዚህን ቃላት በሙሉ አስወግዶ በምትካቸው ‹‹የእንጨት ብናኝ››፣ ‹‹ማጣበቂያ››፣ ‹‹ነጭ ልስን ዱቄት›› እያለ ይጽፋል። ሰጋቱራን ‹‹ብናኝ›› ማለት ስሕተት ነው፤ ብናኝ በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ነው፤ ሰጋቱራ በመጋዙ ሥር በቁና የሚታፈሰው ነው። ‹‹ማጣበቂያ››ም ከሙጫ እስከ ፕላስተር ሁሉንም ያቅፋል፤ አናጢው ወደ ሱቅ ሄዶ ማጣበቂያ ስጡኝ ቢል የትኛውን ተብሎ ይጠየቃል፤ ኮላ ካለ ግን ይሰጠዋል።

ከዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ሠራተኛው ራሱ ሲዋስ በጅምላ አለመዋሱ ነው። ስቱኮን እንዳለ የወሰደው ያው የሥራ ቤት የሚፈገፍግበትን ወረቀት ‹‹ብርጭቆ ወረቀት›› ብሎታል፤ ይህም የኢጣሊያንኛውም ሆነ የቀድሞው እንግሊዝኛ ስያሜ የሚለውን በአማርኛ ቃል መመለስ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለናል። የብርጭቆ ወረቀትን ነገር በዐይኑ አይቶ፣ በጣቱ ዳስሶ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ተረጎመው። የስቱኮ ምሥጢር ግን ከፋብሪካ በቆርቆሮ ታሽጎ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ከነስሙ ተቀበለው። ኢጣሊያኖችም ቢሆኑ ይህን ቃል የወሰዱት ከሎምባርዶች የጀርመን ወገን ቋንቋ ነው፤ ጀሶም በላቲን በኩል ከግሪክ የመጣ ነው። አናጢው ያደረገውን ይህን መለየት የሙያ ቃላት ሠሪዎች ብናደርገው በወደድን ነበር። በበኩላችን ስቱኮ ለመጀመሪያው ዐይነት፣ ማለትም ከቫርኒሽ በፊት ለሚገባው እንዲጸና እንፈልጋለን። ግድግዳ ላይ ከሚቀባው ለመለየት ካስፈለገ ‹‹የእንጨት ስቱኮ›› ይባላል። ከግእዝ አዲስ ስም እንፍጠርለት የሚሉ ጓደኞቻችን አሉ፤ ሥራ ላይ ያለን ቃል ከሥራው ማስወጣት ከመፍጠር የከፋ ድካም መሆኑን እንዲያስቡበት እንጠይቃለን።

ለሁለተኛው ዐይነት ግን ውሰት አያስፈልግም፤ ሰም የቤታችን ነውና። ጠጅ የሚጥል ቤት ሁሉ ሰፈፍን ያውቃል፤ ሰፈፉ ቀልጦ ሲጣራ ሰም ይሆናል፤ ከሰሙ ጧፍ ይሠራል። እነዚህ ሦስት ስሞች ሦስት የጥራት ወይም የአሠራር ደረጃዎችን ይለያሉ። መምሪያው ይህን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ በጣት መጠን የተዘጋጀውን ሰም ‹‹የሰም በትር›› ይለዋል፤ እረኛ የሚይዘው ይመስላል። በእርሳስ ወይም በጣት መጠን የተድበለበለ ሰም ብንል ምን ቸገረን? ነገሩን እንጂ የእንግሊዝኛውን ዘይቤ የመተርጎም ግዴታ የለብንም። ለነገሩ ግን ‹‹መድፈኛ ሰም›› የሚለውን ስም እናቀርባለን።

አሠራሩን የሚገልጸው ክፍል እጅግ የተበላሸው ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ብቻውን በጣም ለስላሳ ስለሆነ ጠንካራ ሰም ወይም ሮዚን ይጨመርበታል። መምሪያው ሰሙን ‹‹አሟሙት›› ይላል። መቅለጥና መሟሟት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃል፤ ቅቤ በእሳት ይቀልጣል፤ ጨው በውሃ ይሟሟል። አሟሙት የተባለ ሠልጣኝ ማሟሚያ ይፈልጋል፤ ነጭ ጋዝ ወይም ተርፔንታይን ያመጣል፤ የሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ እሳት ላይ ጣደው ይለዋል። ከላይ እሳት ያልነው ይህን ነው። የሚጣድበትም ዕቃ ‹‹ድርብ ማፍያ›› ተብሎ ተተርጉሟል፤ ይህን አንብቦ ሰሙ ያለበትን ጣሳ በውሃ ድስት ውስጥ ማስቀመጥ እንዳለበት የሚገምት ሰው ካለ እናደንቀዋለን።

ሮዚኑም ‹‹የጽድ ሙጫ›› ሆኗል። በእንግሊዝኛው የተጠቀሰው ዛፍና የሰሜን ደጋችን ጽድ አንድ ዛፍ አይደሉም፤ ስሙን በዘፈቀደ በማዛወር ልጁን የቤተ ክርስቲያን ጽድ እንዲልጥ እንልከዋለን። ሮዚን ተብሎ ቢቀር ይሻላል። የሙጫ ነገር ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የጎንደር አዝማሪ የማሲንቆውን ጭራ የሚያሽበት እጣን ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚወጣ የዛፍ ሙጫ መሆኑን ጠቅሶ ማስረዳት ይቻላል፤ ይህ ግን ማብራሪያ እንጂ ስም አይሆንም።

ስለ ቀለምም ሁለት ስሕተቶች አሉ። ደማቅ ሊባል የሚገባው ‹‹ብሩህ›› ተብሏል። ብሩህ ብርሃን ያለው ነው፤ ሰማይና አእምሮ ብሩህ ይሆናሉ፤ የቀይና የአረንጓዴ ኀይል ግን ድምቀት ነው፤ የድምቀት ተቃራኒም ጨለማ ሳይሆን መፍዘዝ ነው። ሁለተኛው የከፋ ነው። ‹‹ቀለም ጨምር›› ይላል መምሪያው። በአማርኛ ቀለም ያልሆነ ነገር የለም፤ መልክም ቀለም ነው፤ የጸሐፊው ቀለም ቀለም ነው፤ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ቀለም ነው፤ ትምህርትም ቀለም ነው። ሠልጣኙ በእጁ ያለውን የውሃ ቀለም በቀለጠ ሰም ላይ ቢያፈስ አይዋሐድም፤ ይንጣጣል እንጂ። የተፈለገው ደረቁ፣ የተፈጨው ነው፤ ‹‹የቀለም ዱቄት›› ይባል። ደግሞ የቀለጠ ባለቀለም ሰም ሲረጋ መልኩ እንደሚለወጥ፣ ስለዚህ ጠብታውን በቁራጭ እንጨት ላይ አርግቶ ማየት እንደሚገባ የሚናገረው አስፈላጊ ዐረፍተ ነገር በትርጉሙ ውስጥ ተዘሏል። ለምን እንደተዘለለ አልገባንም።

ከቃል ምርጫ በላይ የሆነ አንድ ጉዳይም አለ። እንግሊዝኛው ቀዳዳን በእንጨቱ መልክ ደፍኖ ስለመሠወርና በደማቅ ቀለም ደፍኖ ሆን ብሎ ስለማሳየት ለየብቻ ይናገራል። ትርጉሙ ሁለቱንም ‹‹መጠገን›› ብሎ አልፏል። ልዩነቱ በጎንደር ቀላል አይደለም። አዲስ ሳጥን ወይም ወንበር ላይ ባለቤቱ የወደደውን ያደርጋል፤ ቀዳዳዋ ቢጫ ብትሆን ጌጥ ናት። ነገር ግን በዚያው ከተማ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአድያም ሰገድ ኢያሱ የተተከለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ አለ፤ ከባለ ሥዕሉ ጣሪያ ሥር ቆሞ ቀና ያለ ሰው ባለክንፍ የመላእክት ፊቶች ቁልቁል ሲያዩት ያያል። በየአድባራቱም በእንጨት ላይ የተሣሉ የጎንደር ዘመን ሥዕሎች አሉ። ‹‹ቀዳዳውን በደማቅ ቀለም ጠግን›› የሚለውን የተማረ እጅ እዚያ ቢደርስ ምን ሊሆን እንደሚችል መናገር አያስፈልግም።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር በ12ኛው አንቀጹ የጎደለውን የሚተካው ነገር ከጠቅላላው ጋር የሚስማማ፣ ነገር ግን ከጥንቱ ተለይቶ የሚታወቅ መሆን አለበት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1939 በሮም የተቋቋመው ማዕከላዊ የጥገና ተቋም የመጀመሪያው ኀላፊ ቼዛሬ ብራንዲ ይህንኑ በጥቃቅን ቀጥ ያሉ መስመሮች የሚሠራ የቀለም ስልት አዘጋጅቶለታል፤ ከሩቅ ሲያዩት ይዋሐዳል፤ ሲቀርቡት ጥገናው ይታወቃል። የእኛም ሊቃውንት ያለ ቻርተር እንዲህ ዐይነት ልማድ ነበራቸው፤ የተሰነጠቀ የብራና መጽሐፍ ገበታ በክር ወይም በሽቦ ሲሰፋ ስፌቱ አይደበቅም፤ የተሰነጠቀ ቅልም እንደዚሁ ነው።

ታዲያ ለሁለቱ ምን ስም እንስጥ? ከዚህ ላይ የሙያ ቃላት ሥራችንን አንድ ዐቢይ ድካም እናገኛለን። በእንግሊዝኛ ቃል ተራ የምናዘጋጃቸው ዝርዝሮች ስም ያድናሉ፤ ለእያንዳንዱ የውጭ ስም አንድ የአማርኛ ስም ካልቆመለት ሥራው ያለቀ አይመስላቸውም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት መዝገበ ቃላት ግሡን ራስ አድርገው ዘሩን ከሥሩ መዘርዘራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአማርኛ የሥራ ዕውቀት የሚቀመጠው በግሡ ነው። ስለሆነም ሁለት ስሞች አንፈጥርም። ‹‹አመሳስሎ መድፈን›› እና ‹‹ለይቶ መድፈን›› እንላለን። ሁለቱም ማንም የሚናገረው አማርኛ ናቸው፤ ሥራውን የሚሠራውም ከመጀመሩ በፊት የትኛውን እንደሚሠራ ራሱን እንዲጠይቅ ያደርጉታል። አጭር ስም የለመደ ኮሚቴ ይህን ‹‹ሐረግ እንጂ ቃል አይደለም›› ሊለው ይችላል። ሐረግ ነው፤ ይሁንና ይሠራል።

በጎንደር ስለ ሙያ ሲነገር የቤተ እስራኤልን ስም ማለፍ አይገባም። በነገሥታቱ ዘመን ግንበኞች፣ አናጢዎችና ቀጥቃጮች ሆነው ከተማዋን ከሠሩት መካከል ነበሩ፤ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 በነበሩት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል። ከእነርሱ ጋር የሄደውን የሙያ ቃል እዚያ ካሉት አረጋውያን አፍ መሰብሰብ ለመዝገበ ቃላት ክፍል የሚቀርብ አስቸኳይ ሥራ ነው፤ በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

መምሪያውን ስንመልስ በተበላሸው ክፍል ምትክ ያስገባነው አንቀጽ የሚከተለው ነው፤ ተርጓሚዎች ቢነቅፉት ደስ ይለናል።

‹‹ዕቃው ገና ቫርኒሽ ካልተቀባ ቀዳዳው በእንጨት ስቱኮ ይደፈን፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፈግና ቫርኒሹ ይከተል። ዕቃው ቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ ግን ስቱኮ አይደረግበት፤ በመድፈኛ ሰም ይደፈን። መድፈኛ ሰም ለመሥራት ሰሙን በጣሳ አድርገህ ጣሳውን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጠህ አቅልጠው፤ ጣሳውን በቀጥታ በእሳት ላይ አትጣደው፤ ጋዝም አትጨምርበት። ጥቂት ሮዚን አድቅቀህ ጨምር። የቀለም ዱቄት በትንሽ በትንሹ እየነሰነስክ አማስል፤ አንድ ጠብታ በቁራጭ እንጨት ላይ አርግተህ መልኩን እይ። አመሳስለህ የምትደፍን ከሆነ መልኩ ከእንጨቱ ጋር እስኪገጥም፣ ለይተህ የምትደፍን ከሆነ የፈለግኸው ድምቀት እስኪመጣ ጨምር። ሲረጋ በጣትህ አሙቀህ ወደ ቀዳዳው ጠቅጥቀው፤ የተረፈውን በእንጨት ጠርዝ ጠርገህ በጨርቅ ወልውለው። ጥንታዊ ሥዕል ባለበት እንጨት ላይ ያለ ባለሙያ ፈቃድ ምንም አትድፈን።››